የማርያም መቀነት የነካው ድንጋይ

ታንጉት ዘርአ ዳዊትን መጀመሪያ ያየችው ከወገቡ በታች ብቻ ነው። የቀረው አካሉ ከአባቷ ማሳ ግርጌ ካለው ገደል ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነበር። መስከረም ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ፣ የመዘዞ ገደል በዝናብ ተንዶ ቀዩ አፈር የተገለጠበት ሰሞን። ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሁለት እግርና አንድ የቆሸሸ ቁምጣ አየች። ሌባ መሰላት። ሌባ ከባዶ ገደል ምን ይሰርቃል ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ታንጉት ግን መጀመሪያ ወርውራ ቀጥሎ የምታስብ ልጅ ናት። የጭቃ ጓል አነሳችና ወረወረች። ጓሉ ካልተቀበረው ክፍሉ ላይ አረፈ።

«ማነህ አንተ? በሰው መሬት ምን ትቆፍራለህ?»

ድምፁ ከአፈር ውስጥ መጣ። «ቆይ... መጀመሪያ ልውጣ። ከዚያ እንደፈለግሽ ትወረውሪያለሽ።»

ወጣ። ፊቱ አፈር ለብሶ የሚታየው ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነበር፤ ጥርሱም የታየው እየሳቀ ስለሆነ ነው። ታንጉት ተቆጥታ ለመቆየት አስባ ነበር። ጆሮው ውስጥ የገባውን አፈር ሊያራግፍ በአንድ እግሩ ሲዘል ስታይ ግን አልቻለችም፤ ሳቀች።

የአንኮበር ሰው መሆኑን፣ ዘርአ ዳዊት እንደሚባል፣ ለደብሩ የእጅ መስቀል ሊሠራ እንደመጣና ያረፈውም ከነፍስ አባቷ ከመምሬ ኃይለ ገብርኤል ቤት እንደሆነ ነገራት። አንጥረኛ ነኝ ሲላት ሳታስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አየ፤ እንዳላየ ሆነ። ከዚያ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል ድንጋይ በመዶሻው ጫፍ መታ አድርጎ ለሁለት ከፈለና በመዳፉ ዘረጋላት።

ውጪው እንደ ማንኛውም የገደል ድንጋይ ነው፤ ሻካራ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያነሳው። ውስጡ ግን የማር መልክ ነበረው። በዚያ ማር ውስጥ አረንጓዴ ብልጭ ይላል፤ እጁን ትንሽ ሲያዘነብል አረንጓዴው ይጠፋና ቀይ ይመጣል፤ ቀዩ ሲሄድ ሰማያዊ ይተካል። ታንጉት እንስራዋን ከጀርባዋ አውርዳ ቁጭ አለች።

የመዘዞ ሰው ይህን ድንጋይ ያውቀዋል፤ አይነካውም እንጂ። እመቤታችን ከዝናብ በኋላ መቀነቷን በሰማይ ስትዘረጋ፣ ጫፉ የነካው ድንጋይ ቀለሙን ይጠጣል ይባል ነበር። የእሷ ስለሆነ አይነሳም። ክፉ ዓይን ካየው ደግሞ ቀለሙ ይሞታል ይላሉ ባልቴቶቹ። ታንጉት ይህን ሁሉ ስትነግረው ዘርአ ዳዊት አላፌዘባትም።

«የመቀነቱን ነገር አምናለሁ» አለ። «የዓይኑን ግን አላምንም። ይህን ድንጋይ የሚገድለው ፀሐይ ነው። ከእርጥብ አፈር ወጥቶ ባንዴ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ስንቱን በገዛ እጄ ገድያለሁ መሰለሽ።»

መስቀሉ የአምስት ቀን ሥራ ነበር፤ ሃያ አምስት ቀን ፈጀ። መምሬ ወናፍህን ምን ነካው ብለው ሲጠይቁት የአገራችሁ ከሰል እርጥብ ነው አላቸው። የታንጉት እናት በሰለች ደግሞ ልጇ በቀን ሦስቴ ውሃ እየቀዳች የምትገለብጥበት ጋን አጥታ ነበር። ከምንጩ በላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ስለ አሊዩ አምባ ገበያ ያወራታል፤ ስለ እናቱ ስለ ብርሃነሽም ያወራታል፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ለእናቱ ከእሱ ሌላ ማንም እንደሌላት። ሲያወራ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ጠጠርም ቢሆን አንስቶ ያገላብጣል። ታንጉት ያን እጅ ማየት ወደደች። እሳት የነካካው፣ ጠባሳ የሞላበት፣ ነገር ሲይዝ ግን የሚጠነቀቅ እጅ ነበር።

«ታንጉት» አላት አንድ ቀን።

«እ።»

«እስቲ እንደ ቅድሙ ሳቂ።»

«ምን ተገኘና?»

«ምንም። ለመንገዴ ስንቅ ይሆነኛል።»

ሳቀች። እንዲህ እንዲህ እያለ ፍቅር ገባ፤ ሁለቱም ስሙን ሳይጠሩት።

አሁን የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን በገበያ ቀን ዘርአ ዳዊት በሰው መሀል አያትና እጅ ነሣት። ታንጉት ከአጎቷ ልጅ ከአልታየች ጋር ነበረች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ እንደማታውቀው ሰው አለፈችው። ማነው ብላ አልታየች ስትጠይቃት፣ እኔ ምን አውቄ አለች። በዚያ ዘመን አንጥረኛ ማለት የሠራውን መስቀል የሚሳለሙለት፣ ልጆቻቸውን ግን ከዓይኑ የሚደብቁበት ሰው ነበር። ለታንጉት ዘርአ ዳዊት ፊቷ ሲቀመጥ ዘርአ ዳዊት ነው፤ ሰው መሀል ሲቆም አንጥረኛ ይሆንባታል። በማግስቱ ስለ ገበያው አንድም ቃል አላነሳባትም። ባለማንሳቱ ደስ አላት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ትልቁን ድንጋይ ያገኘችው እሷ ናት፤ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው። የተናደውን አፈር በእግሯ ስትገፋ የሰው ጭብጥ የሚያህል ተንከባለለ። ዘርአ ዳዊት ጠርዙን ሸረፍ አድርጎ አየ። ከዚያ እንዲህ ያለ በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ፣ ኅዳር ላይ ሽማግሌ እንደሚልክ፣ ይህም ጥሎሿ እንደሚሆን ነገራት። አንኮበር ድረስ ሁለት ቀን በበቅሎ፣ በፀሐይ ይዞት መሄድ አይችልም። በእርጥብ ጭቃ ጠቀለለው፤ በትንሽ ማድጋ ከተተና አፉን በጭቃ መረገ።

«ጭቃው እስከ ጥር ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ድንጋዩም አብሮት ይለምዳል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይም አያሸንፈው። አደራ፣ አትክፈቺው። ለማየት ብለሽም አትክፈቺው።»

«ቢናፍቀኝስ?»

«ድንጋዩ?»

«ድንጋዩማ ምኑ ይናፍቃል።»

ዘርአ ዳዊት እስከ ጆሮው ቀላ። እሷም ተነሥታ ሮጠች።

ሽማግሌዎቹ በኅዳር መጡ። የታንጉት አባት ወልደተንሣኤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር ግን ከራሱ ቤት ይልቅ የጎረቤቱን ደጅ እንዲያይ አድርጎታል። ሁለት ጊዜ መለሳቸው። በሦስተኛው መምሬ ገቡበት፤ ልጅቷም ሃያ ዓመት ሞልቷት ሌላ ጠያቂ አልቀበልም ብላለች። እሺ አለ፤ አንድ ነገር ጨምሮ። የሙሽራው ወገን የሚያመጣው ጥሎሽ በሠርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ አንድ በአንድ ሲታይ የሰው አፍ የሚዘጋ ነገር ይኑርበት፤ ልጄን ለአንጥረኛ ሰጠሁ ሲባል ለምን እንደሰጠሁ ይታይልኝ አለ። ዘርአ ዳዊት ይታያል ብሎ መልስ ላከ። ሁሉም ነገር በዚያ ማድጋ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ታኅሣሥ ላይ የሠፈሩ ሴቶች ሊፈትሉ ከበሰለች ግቢ ተሰበሰቡ። አልታየች አፏ አያርፍም፤ በሳቅ አስመስላ ነው የምትናከሰው። ለመሆኑ ሙሽራው ምን ይዞልሽ ይመጣል አለቻት፤ ማረሻ ነው ወይስ ማጭድ? ሴቶቹ ሳቁ። ታንጉት ፊቷ ጋለ። ቀጥላ ያደረገችውን ስታስበው ኖራለች፤ ያን ቀን ግን አላሰበችም። ጓዳ ገብታ ማድጋውን አመጣች፤ ምርጉን በቢላዋ ገነጠለችና ጭቃውን ፈልፍላ ድንጋዩን አውጥታ የካቡ ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው።

ሴቶቹ እንዝርታቸውን ጣሉ። አልታየች እንኳ አፏን ይዛ ቀረች። ቅቤ ከጠጣው ፀጉራቸው ገና የወረደ እጃቸው ድንጋዩን እየተቀባበለ አገላበጠው። ታንጉት በመሀላቸው ደረቷን ነፍታ ቆመች፤ ይህን ደስታ ለማሳጠር ልቧ አልፈቀደም። ረፋዱ አለፈ፤ እኩለ ቀን ሆነ። ሴቶቹ ሲበተኑ አነሳችው። ከጠርዙ ወደ መሀሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሄዶ ነበር።

ውሃ አስነካችው። መስመሩ ጠፋ። እፎይ አለች። ጭቃውን አዲስ አርሳ ጠቅልላ መልሳ መረገችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

ጥር ደረሰ። ዘርአ ዳዊት ብሩን፣ ሰንሰለቱንና ክፈፉን ሠርቶ ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው መጥቶ መምሬ ቤት አረፈ። ማድጋውን ራሷ ወሰደችለት። ከፍቶ ጭቃውን ዳሰሰ፤ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ገና እርጥብ ነው። ለምን አልደረቀም?»

«ከውሃ ጋኑ አጠገብ ነበር ያስቀመጥኩት።»

«አላወጣሽውም አይደል?»

«አላወጣሁትም።»

ዓይኗን አየና ጭንቅላቱን በእሺታ ነቀነቀ። አመናት። ቃሏን ሰምቶ ድንጋዩን መመርመር አላስፈለገውም፤ ከዚያ ሁሉ ኃጢአቷ ይበልጥ ኋላ ላይ የሚያንገበግባት ይሄ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠራጠር ማመኑ።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ሞላ። ሙሽራዋ ተሸፍና ጓዳ ናት፤ ከግድግዳው ጭራሮ መሀል ባለች ቀዳዳ ታያለች። ቀሚሱ ታየ፤ ካባው ታየ፤ አልቦው ታየ፤ የታንጉት ዘመዶች እያገላበጡ ይሁን አሉ። በመጨረሻ ዘርአ ዳዊት፣ ካልተከፈተ ለአንድ አፍታ ፀሐይ ይችላል ብሎ፣ በብር ክፈፍ የተያዘውን ድንጋይ ከእርጥብ ጨርቅ አውጥቶ በቀይ ግምጃ ላይ አኖረው። ከዳሱ አፍ የሚገባው ፀሐይ በቀጥታ አረፈበት። ወይ ጉድ የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው ሄደ። ወልደተንሣኤ አገጩን ቀና አድርጎ ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ አየ። በሕይወቱ እንደዚያች ሰዓት የኮራበት ጊዜ አልነበረም።

ሰዓቲቱ አልቆየችም። ድንጋዩ መድረቅ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ መስመር ወጣ፤ ቀጥሎ መስመሩ ቅርንጫፍ አወጣ። ቀለሙ ፈዞ አመድ መሰለ። ወልደተንሣኤ ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ እንደ ደረቀ ዳቦ ተሰብሮ ግማሹ ግምጃው ላይ ቀረ።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው የአልታየች አባት ነው። ዓይኑ ነው አለ። ይህን ድንጋይ ክፉ ዓይን ይገድለዋል ሲባል አልሰማችሁም? ከዚያ ያን ቃል ተናገረው። ቡዳ ነው አለ፤ በሙሽራው ፊት፣ በሽማግሌ ፊት። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ሴቶች ልጆቻቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡ። ድንጋዩን በታኅሣሥ ያገላበጡት እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ አንዳቸውም የካቡን ፀሐይ ከዚህ ጋር አላገናኙትም።

ዘርአ ዳዊት ስብርባሪውን ሰበሰበ። አንዱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ፤ በጣቱ ዳበሰው። ድሮ በተሰነጠቀበት መስመር ውስጥ ቅቤ ገብቶ ነበር። የሴት እጅ ቅቤ። ቀና ብሎ ወደ ጓዳው ግድግዳ አየ። ታንጉት እንደምታየው ያወቀ ይመስል ዓይኑ ቀዳዳዋ ላይ አረፈ።

አሁን ትናገራለች ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እሷም ጠብቃ ነበር። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እናቷ ፊት፣ አማቾቿ ፊት፣ ዋሽቻለሁ ማለት አቃታት። ከፍርሃቱም ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ለእሱ ያን ቀን ስም ልትሰጠው አልፈለገችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ዘርአ ዳዊት። «ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ወልደተንሣኤ ከቤቴ ውጣ አለው። ወጣ። ሚዜዎቹ ተከተሉት። የተጠመቀው ጠላ ለቀስተኛ እንደሚጠጣ በዝምታ ተጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ታንጉት ምንጩ ጋ በሌላ መንገድ ትወርድ ጀመር። ሰው ሁሉ አዘነላት፤ ከቡዳ እጅ አተረፈሽ እያሉ አቅፈው ሳሟት። አንዱም መሳም ሳያቃጥላት አላለፈም። አባቷ ነገሩን በየገበያው ይደግመዋል፤ ለሰላ ድንጋይ ሰው፣ ለለሚ ሰው፤ ራሱን ነፃ የሚያወጣበት ወሬ ነውና። ታንጉት በወሬው መሀል ወጥ ታወጣለች፣ እሳት ትቆሰቁሳለች። ዝም ብላ።

በጾሙ መሀል ዓወል መጣ። ዓወል አባቷ ጨው የሚገዛው የአሊዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ወሬ ይዞ እንጂ ባዶውን አይመጣም። ያን አንጥረኛችሁን አየሁት አለ። ወሬው ከመዘዞ ቀድሞት አንኮበር ገብቷል። ሥራ የሚሰጠው የለም፤ የሠራውን መስቀል እንኳ ከማተባቸው በጥሰው የመለሱለት አሉ። እናቱ ምንጭ ስትወርድ ሴቶች እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ።

«ወላሂ፣ እኔ ከልጅነቱ አውቀዋለሁ» አለ ዓወል። «ዓይኑ ክፉ ቢሆን የእኔ ግመሎች እስካሁን ባልቆሙ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ የእጅ ባለሙያ ሁሉ ወደዚያው እየሄደ ነው፤ እሱም ከፋሲካ በኋላ ይሄዳል። እናቱ ግን የባሌን መቃብር ጥዬ አልሄድም ብላለች። ብቻዋን ልትቀር ነው።»

ታንጉት የያዘችው ቅል ከእጇ ወደቀ። ስብርባሪውን ስትለቅም ማንም ፊቷን አላየም።

በማግስቱ መምሬ ኃይለ ገብርኤል ዘንድ ሄዳ ተንበርክካ ሁሉንም ተናገረች። ቀኖና ይሰጡኛል፤ ሰግጄ ጾሜ ይቀልለኛል ብላ ነበር።

«ለእግዚአብሔር የነገርሽውን እግዚአብሔር ሰምቷል» አሏት። «ውሸቱ ግን በሰው ፊት ነው የቆመው። የሚወድቀውም በሰው ፊት ነው። ይህን እኔ ልሰግድልሽ አልችልም፣ ልጄ።»

ለአባቷ የነገረችው ያን ዕለት ማታ ሳይሆን ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በመጨረሻ በሬ ጠምዶ ሊወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ቆመችበት።

«አባቴ፣ ድንጋዩን የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ። ለአልታየች ላሳይ ብዬ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። እሱ አያውቅም ነበር... ከዚያ አወቀ፤ ዝም አለልኝ።»

ወልደተንሣኤ ቀንበሩን አወረደ። አልመታትም፤ ብትመታ ትመርጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ካቡ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሲመሽ የሴት ወገን ሽማግሌ ልኮ እንደማያውቅ፣ ከአንጥረኛ ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ መውደቅ ለዘር ማንዘር የሚተርፍ ውርደት እንደሆነ ለበሰለች ሲያወራ ታንጉት ሰማችው። አበቃ አለች በልቧ። ሲነጋ ግን አባቷ በቅሎውን ጭኖ ቆሞ ነበር።

«የዋሸሽው አንቺ ነሽ» አላት ሳያያት። «በየገበያው ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ። አንገት ሁለታችንም አለን።»

ከፋሲካ በኋላ በመጣው የሚካኤል በዓል፣ አንኮበር ላይ ቅዳሴ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ፣ ሦስት ሰዎች ደጀ ሰላሙ በር ላይ ቆመው ነበር። መምሬ በፊት፤ ከኋላቸው አባትና ልጅ። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው ሁለቱም አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ሴት ልጅ እንዲህ ስትሆን ያየ ሰው አልነበረምና ሁሉም ቆመ። ዘርአ ዳዊት ከእናቱ ጋር ከጥግ ነበር፤ በዙሪያቸው ባዶ ቦታ ነበር። የመንገዱን ጓዝ አስሮ ጨርሶ ነበር፤ በማግስቱ ሊሄድ።

ታንጉት ፊቱ ሄዳ ተንበረከከች። ድምፄ ይወጣ ይሆን ብላ መንገዱን ሁሉ ፈርታ ነበር። ወጣ።

«የመዘዞ የወልደተንሣኤ ልጅ ታንጉት ነኝ» አለች፤ ለሁሉም እንዲሰማ። «ይህን ሰው ቡዳ አስባልኩት። ድንጋዩን የሰበረው ዓይኑ አይደለም። አትክፈቺው ብሎኝ ከፈትኩት፤ ፀሐይ ላይ አዋልኩት። ከፍተሽዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ዋሸሁት። ሲሰድቡት ከግድግዳው ኋላ ሆኜ አየሁ፤ ዝም አልኩ።»

ዘርአ ዳዊት መጀመሪያ ወደ ወልደተንሣኤ ሄደ። ሽማግሌው አፉን ሊከፍት ሲል ድንጋዩን ከአንገቱ አነሳለትና ይቅር ለእግዜር አለው። ከዚያ ወደ ታንጉት ተመለሰ። የእሷን አላነሳም። ፊቷ ቁጢጥ አለ። ከስቷል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል።

«ለምን ዝም አልሽ?» አላት ዝግ ብሎ። «አባትሽን ፈርተሽ ነው?»

አዎ ብትል ይበቃ ነበር። ማንም ያምናታል፤ እሱም። ታንጉት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ ያን ስም ያልሰጠችውን ነገር ስሙን ጠራችው።

«አፍሬብህ ነበር» አለች። «የአንጥረኛ ሚስት ከመባል... ሠርጉ ሲፈርስ የልቤ አንድ ጥግ እፎይ አለ። ያን ዕለት ይሄን ነው የደበቅኩት። ድንጋዩን አይደለም።»

ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው አጉረመረመ።

«አውቄ ነበር» አላት ዘርአ ዳዊት። «ገበያ መሀል ፊትሽን የሸፈንሽ ቀን ነው ያወቅኩት። ቅቤውን ሳይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ብናገር ያን ዕለት ታገቢኝ ነበር፤ እያፈርሽብኝ። ዕድሜ ልኬን ከምታፍሪብኝ ቡዳ ብባል መረጥኩ።»

ታንጉት አለቀሰች። ሦስት ወር ሙሉ እንባ አልወጣትም ነበር።

«አሁንስ?» አላት።

«አሁን የማፍረው በራሴ ነው። ብታገባኝም ባታገባኝም።»

ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳላት። «ይቅር ለእግዜር» አለ። አንገቷ ተልጦ ነበር፤ የነጠላውን ጫፍ አሳረፈበት። «አመመሽ?»

«አዎ» አለችው።

ብርሃነሽ መጥታ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። ይቅር ለማለት እሷ ገና ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ከቤቷ ግን ውሃ አመጣችላት።

ሠርጉ በግንቦት በብርሃነሽ ግቢ ተደረገ። ጥሎሽ አልታየም፤ ወልደተንሣኤ ራሱ አልፈልግም አለ። ከጎረቤቱ የመጣም አለ፣ የቀረም አለ፤ እንዲህ ያለ ቃል በአንድ ቀን አይጠፋም። የእንጦጦው ጓዝ ግን ተፈታ። በሠርጉ ሳምንት የመጀመሪያውን ሥራ ያመጣው ዓወል ነው፤ ለሚስቱ አልቦ።

ያን ሥራ ሲሠራ ወናፉን የነፋችለት ታንጉት ናት። የሥራ ቤቱ በር ወደ ገበያው መንገድ ነው የሚከፈተው፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበር። አላፊው አግዳሚው አዲሲቱን ሙሽራ ጥላሸት ለብሳ ሲያያት ዘርአ ዳዊት ተነሥቶ በሩን ሊዘጋው ሄደ።

«ተወው» አለችው ወናፉን ሳታቋርጥ። «ሰው ይየኝ።»